አራት እፍኝ ዱቄት፣ በማን እፍኝ?

አንድ ጉድ ልንገራችሁ፤ ግን በመካከላችን ይቅር። ባለፈው ማክሰኞ ከነዳጅ ማደያው ሱቅ ተቆራርጦ የታሸገ ዳቦ ገዛሁ። አዎ፣ በዚህ ዓምድ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ዳቦ ይጋገራል እንጂ አይገዛም» እያልኩ ስመጻደቅባችሁ የኖርኩት እኔው። በጋዜጣ ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ወሽቄ ስወጣ፣ ፊሎሚና ጊልሁሊ በሩ ላይ ድቅን አለችብኝ። ፊሎሚና በኛ በድሩምካራ ሰፈር የማን መጋረጃ መቼ እንደታጠበ በቃሏ የምታውቅ ጎረቤቴ ናት።

«ምን ታቅፈሻል?» አለችኝ።

«ጋዜጣ ነው።»

«ጋዜጣም ተቆራርጦ መሸጥ ጀመረ?» ብላኝ ወደ ውስጥ ገባች።

እስከ እሑድ ድረስ ያልሰማ ሰው አልቀረም። ይሁን። ይህን የምናዘዘው ዛሬ የማስነብባችሁ ደብዳቤዎች የዳቦ ደብዳቤዎች ስለሆኑ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ እኔን ፈራጅ አድርጋችሁ እንዳታስቀምጡኝ።

የተጻጻፉት ሁለት መክጎልድሪኮች ናቸው። አንደኛዋ ከቤቴ ማዶ በአባታቸው ቤት ብቻቸውን የሚኖሩት ወይዘሪት ሆኖራ ናቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ አግብተው አያውቁም፤ የሶዳ ዳቧቸው ግን በሌትሪም አውራጃ ግማሹን ሰው አሳድጓል። ሌላው ካሃል ነው፣ የወይዘሪት ሆኖራ የአጎት ልጅ የነበረው የሂዩ የልጅ ልጅ። እዚህ አየርላንድ ሥራ ሲጠፋ ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ምዕራብ አውስትራሊያ ሄዶ፣ በአንድ የማዕድን ካምፕ ቤት የሚያካክሉ የጭነት መኪናዎችን ይጠግናል።

ስልክ የላቸውም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አላቸው። ወይዘሪት ሆኖራ ግን ስልክን የሚያውቁት ለመርዶ ብቻ ነው። ካሃል አንዴ ለልደታቸው ቢደውልላቸው «ማን ሞተ?» ብለው ሊወድቁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ይጽፋል።

ደብዳቤዎቹን፣ የራሳቸውንም ከካሃል ተቀብለው፣ በብስኩት ቆርቆሮ አድርገው የሰጡኝ ወይዘሪት ሆኖራ ራሳቸው ናቸው። ያስገቡኝ ቃል አንድ ነው፤ «ስለ ፊሎሚና ያልኩትን አንዲት ቃል እንዳታለሳልሺ።»

*ምዕራብ አውስትራሊያ፣ ፌብሩዋሪ 9፣ 2012*

ይድረስ ለተከበሩት አክስቴ ለሆኖራ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናና ሙቀት አብረውዎ ይሁኑ። ሙቀቱን ከዚህ ቆርጬ ብልክልዎ በወደድኩ፤ ዛሬ አርባ ሦስት ዲግሪ ነው፤ ዝንቡ ከሠራተኛው ይበዛል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

የምጽፍልዎ ለልመና ነው፤ ኪስዎን ግን አይነካም። እዚህ እሑድ እሑድ በየተራ አንድ ሰው ያገሩን ምግብ ያዘጋጃል። ባለፈው አንድ የፊሊፒንስ ልጅ አሳማ ጠብሶ ሁላችንንም አስለቀሰን። ወጥ ቤታችን ዝቮንኮ የሚባል ክሮኤሺያዊ ነው፤ እሱ ወደኔ ዞሮ «እናንተ ደግሞ ከድንች ሌላ ምን አላችሁ?» አለኝ። ነደደኝና «የአክስቴን የሆኖራን የሶዳ ዳቦ ብትቀምስ የእናትህን ቤት መንገድ ትረሳለህ» አልኩት። ሰው ሁሉ ሰማ። አሁን ተራው የኔ ሊሆን ነው።

ልጅ ሆኜ ድርቆሽ ልንሰበስብ ስንመጣ፣ ትኩሱን ከፎጣው ፈተው፣ ቅቤ ቀብተው በመስኮት ያቀብሉን ነበር። ቅቤው እስከ ክርኔ ይወርድ እንደነበር አስታውሳለሁ። እንዴት እንደሚጋገር ግን ዞር ብዬ አላየሁም። ቢጽፉልኝ ውለታዎን አልረሳም።

አክባሪዎ ካሃል

*ድሩምካራ፣ ማርች 1፣ 2012*

ለካሃል መክጎልድሪክ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። እባብ የበዛበት አገር ነው ይባላል፤ ከኛ አገር እባብ ያባረረው ቅዱስ ፓትሪክ እዚያም ይከተልህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ዝናቡም ደህና ነው።

ስሜን በሰው አገር ስላስጠራህ ተቆጥቻለሁ ልልህ አስቤ ነበር፤ ግን አልተቆጣሁም። ስማ እንግዲህ።

አራት እፍኝ ዱቄት፤ ሦስቱ ያልተነፋ፣ አንዱ ነጭ። ጨው በሦስት ጣት ቆንጥር። የዳቦ ሶዳ የመዳፍህን ጉድጓድ ሞልተህ ውሰድና በሌላው አውራ ጣትህ አድቅቀው፤ ጓጉሎ ከቀረ ዳቦው ውስጥ አረንጓዴ ነቁጥ ያወጣብሃል። አሬራ እስኪበቃው ጨምር። ስንት ነው የሚበቃው ብለህ እንዳትጠይቀኝ፤ ዱቄቱ ራሱ ይነግርሃል።

አሁን ዋናው ነገር እጅ ነው። ጣቶችህን እንደ ጭልፊት ጥፍር ግትር አድርገህ ክፈት፤ ከመሀል ጀምረህ እያዞርክ ወደ ዳር ውጣ። ለውሰው እንጂ አታቡካው። የሶዳ ዳቦ ሲያሹት የሚቀየም ፍጡር ነው። እርሾ ስለሌለው አይጠብቅህም፤ ቶሎ አድበልብለህ የጋለ ምድጃ ውስጥ ክተተው። ከመክተትህ በፊት ከዳር እስከ ዳር በመስቀል ቅርጽ ቁረጠው። እናቴ «ትንንሾቹ ሰዎች፣ ቆሌዎቹ፣ እንዲወጡ ነው» ትል ነበር፤ ቄሱ ለበረከት ነው ይላሉ፤ እኔ መሀሉ እንዲበስል ነው እላለሁ፤ በዚህ ሦስታችንም ተጣልተን አናውቅም። ሲወጣ ገልብጠህ ቂጡን አንኳኳው፤ ባዶ ቤት የመሰለ ድምፅ ከሰጠህ በስሏል። በፎጣ ጠቅልለው።

እንቁላል፣ ስኳር፣ ዘቢብ የጨመረ ሰው ኬክ ጋገረ እንጂ ዳቦ አልጋገረም። ፊሎሚና ጊልሁሊ ሞላሰስ የሚሉትን ጥቁር የስኳር ዝቃጭ ትጨምርበታለች። ጎረቤቴ ናት፤ ሌላ አልናገርም።

አዲስ ወሬ፤ የቤት ቅዳሴው ተራ ሰፈሩን ዞሮ ዘንድሮ በኦክቶበር እኔ ቤት ይደርሳል። ባለፈው ከደረሰኝ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቄሱ ሳሎኔ ውስጥ ይቀድሳሉ፤ ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ ቁርሱን እዚሁ ይበላል፤ ሠላሳ ስምንት ሰው ቆጥሬያለሁ። ፊሎሚና ከወዲሁ መጥታ «እርስዎ አይድከሙ፣ ዳቦውን እኔ ይዤ እመጣለሁ» አለችኝ። በዚህ ቤት በቅዳሴ ቀን የውጭ ዳቦ ደጃፉን ተሻግሮ አያውቅም። እናቴ በ1949 ክንዷ ተሰብሮ በጨርቅ ታስሮ ሳለ ስድስት ዳቦ በአንድ እጇ ጋግራለች። «እኔ ደግሞ ሁለት እጅ አለኝ» አልኳት።

ሆኖራ

*ምዕራብ አውስትራሊያ፣ ማርች 25፣ 2012*

ይድረስ ለአክስቴ ለሆኖራ፤

ሰላምታዬ ከባሕር ማዶ ይድረስዎ፤ ጉልበትዎ ይጽና። እኔ ደህና ነኝ፤ ስምዎ ግን ትንሽ ተጎድቷል፤ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የምጽፈው።

ያሉኝን አንድም ሳላጎድል አደረግኩ። አሬራ ስለሌለ ዱቄት ወተት በጥብጬ ሎሚ ጨመቅኩበት። ያወጣሁትን ዳቦ ዝቮንኮ ሁለት ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ጣል ጣል አድርጎ «ይሄን መኪና ስትጠግኑ ጎማው ሥር አስገቡት፣ አይንሸራተትም» አለ። የሳሙና ጣዕምም ነበረው። አንዱ ልጅ ቀምሶ፣ አፌ አረፋ ያወጣል ብሎ አፉን ገጥሞ ተቀመጠ።

በኋላ ዝቮንኮ ብቻዬን ሲያገኘኝ አዘነልኝ መሰለኝ ደብዳቤዎን እንዳነብለት ጠየቀኝ። «አራት እፍኝ» የሚለው ጋ ስደርስ አስቆመኝ። እጄን ይዞ አገላብጦ አየና «አክስትህ ቁመታቸው ስንት ነው?» አለኝ። ትከሻዬ ጋ አይደርሱም አልኩት። «ታዲያ በማን እፍኝ ነው የሰፈርከው?» አለኝ። የኔ እጅ አካፋ ነው። አራት እፍኝ ዱቄት፣ ጉድጓድ ሙሉ ሶዳ፣ ሁሉም በአካፋ።

እንዲያዩት እጄን ወረቀት ላይ ዘርግቼ ዙሪያውን በእርሳስ ሥዬ ልኬልዎታለሁ። እርስዎም እንዲሁ አድርገው የእጅዎን ቢልኩልኝ፣ በእርስዎ ልክ እሰፍራለሁ።

ካሃል

*ድሩምካራ፣ ኤፕሪል 18፣ 2012*

ለካሃል፤

የትንሣኤው ብርሃን ያለህበት በረሃ ድረስ ይምጣልህ። ዱቄት ወተት ላም መሳደብ ነው፤ ሁለተኛ እንዳልሰማ።

እጅህ ደረሰኝ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ሳየው ሻዬ ቀዘቀዘ። ትንሿ ጣትህ ወደ ውጭ ትሸሻለች። ያ የአባቴ እጅ ነው። አባቴ ከሞተ አርባ አንድ ዓመቱ ነው፤ እጁን በፖስታ አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ላንተ ሁለት እፍኝ ተኩል ይበቃሃል። ሶዳውን በግማሽ ቀንስ።

ፊሎሚና ትናንት መጥታ የዳቦ ሣጥኔን ክዳን ከፍታ፣ ፎጣውን ገለጥ አድርጋ «እንዴት ያምራል» አለች። ክዳኑን መልሼ ዘጋሁት።

ሆኖራ

*ምዕራብ አውስትራሊያ፣ ሜይ 13፣ 2012*

ይድረስ ለአክስቴ ለሆኖራ፤

እድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ስምዎ ድኗል። እውነተኛ አሬራ ከከተማ አስመጣሁ። ዛሬ ሦስት ዳቦ ወጣ፤ ሦስቱም አልቋል። ዝቮንኮ አንዱን ጫፍ በወይራ ዘይት ነክሮ በላ፤ ልከለክለው ስል «ዝም በል፣ እያመሰገንኩህ ነው» አለኝ።

ግን አንድ ጣጣ አለ። ዳቦዎቼ ወደ አንድ ጎን ያጋድላሉ። ደግሞም «ሁለት ተኩል» ግምት ነው፤ እኔ መካኒክ ነኝ፣ መካኒክ በግምት አይሠራም። የእጅዎን ሥዕል እስካሁን አላገኘሁትም፤ ፖስታ ላይ ጠፍቶ ይሆን?

ካሃል

ከዚህ በኋላ ሰባት ሳምንት ጸጥ አለ። ካሃል እኔ ጋ ደወለ። «አክስቴ ደህና ናቸው?» አለኝ። «ደህና ናቸው፣ አትክልታቸውን ሲሳደቡ ዛሬ ጠዋት ሰምቻቸዋለሁ» አልኩት። ያልነገርኩት ነገር ቢኖር የወጥ ቤታቸው መጋረጃ ከተዘጋ ወራት ማለፉን ነው። ልብ ሳልለው ቀርቼ አይደለም፤ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

*ድሩምካራ፣ ጁላይ 4፣ 2012*

ለካሃል፤

ሰላም ላንተ። የጠየቅከው ይኸው። መስመሩ ጠማማ ከመሰለህ ድመቷ ጠረጴዛው ላይ ዘላብኝ ነው። ሌላ ወሬ የለኝም።

ሆኖራ

ወረቀቱን አይቼዋለሁ፤ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ነው። የእርሳሱ መስመር ሦስት ቦታ ተቋርጦ እንደገና ጀምሯል፤ እንደ ተራራ መንገድ ይጠማዘዛል። ጣቶቹ አልተከፈቱም። የመሀሉ ሁለቱ ወደ መዳፍ ታጥፈው ቀርተዋል፤ አውራ ጣቱ እብጠቱ በእርሳስ ሳይቀር ይታያል። እንደ ጭልፊት ጥፍር ይከፈት የተባለው እጅ ይኸው ነው። በዚህ እጅ ማንም ሰው ዱቄት አይለውስም።

ካሃል መካኒክ ነው። የታጠፈ ነገር ሲያይ መታጠፉን ያውቃል።

*ምዕራብ አውስትራሊያ፣ ጁላይ 22፣ 2012*

ይድረስ ለአክስቴ ለሆኖራ፤

እንደ ሁልጊዜው ደህና ይሁኑልኝ። እጅዎ ደርሶኛል፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ድመቷን ሰላም ይበሉልኝ።

ኩባንያው የአምስት ሳምንት ፈቃድ አለህ፣ ዘንድሮ ካልወሰድከው ይቃጠላል አለኝ። ሌላው ሁሉ ወደ ባሊ ይሄዳል፤ እኔ ባሕር ዳርቻ ላይ መተኛት አይሆንልኝም፣ እንደ ሽሪምፕ ነው የምቀላው። ለቤት ቅዳሴው ብመጣስ? ዳቦዬ አሁንም ወደ አንድ ጎን እያጋደለ ነው፤ በደብዳቤ የሚድን በሽታ አልሆነም። ከሥርዎ ቆሜ ባየሁ ነበር።

ካሃል

*ድሩምካራ፣ ኦገስት 12፣ 2012*

ለካሃል መክጎልድሪክ፤

ጤና ይስጥልኝ። ማን ነው የነገረህ? ማዶ ያለችው ጸሐፊ ናት? ለሷ ምላስ እንጂ ዓይን የላትም ብዬ ነበር።

ቁርጡን ልንገርህ። ስድስት ዳቦ ነው፤ ስድስት ዳቦ ዕድሜዬን ሙሉ ጋግሬያለሁ። ሰው አዝኖልኝ ውቅያኖስ እንዲሻገር አልፈልግም። ፊሎሚናን አላስገባሁም፤ አውስትራሊያንም አላስገባም። ከውጭ ዳቦ አይገባም ብያለሁ፣ አይገባም። በሰባ ስምንት ዓመቴ እጅ አልሰጥም።

ሆኖራ

*ምዕራብ አውስትራሊያ፣ ኦገስት 26፣ 2012*

ይድረስ ለአክስቴ ለሆኖራ፤

በረከትዎ አይለየኝ፤ ቁጣዎም ደርሶኛል። ማንም ምንም አልነገረኝም። አላዘንኩልዎትምም፤ ሃምሳ ቶን መኪና እግሬ ላይ ቢወጣ እንኳ እርስዎ «ጫማህን ጥረግ» የሚሉኝ ሰው መሆንዎን አውቃለሁ።

ዳቦ ይዤ አልመጣም። ዳቦ ከውጭ አይገባም ካሉ አይገባም። ይዤ የምመጣው እጅ ነው። የአባቴ እጅ ነው ብለው የጻፉልኝ ደግሞ እርስዎ ነዎት፤ ደብዳቤው አለኝ። የአባትዎ እጅ በገዛ ቤቱ በር ቢገባ የውጭ ይባላል?

አይሆንም ካሉኝ ቲኬቱን እመልሳለሁ፤ ሁለተኛ አላነሳውም። ቃልዎን እጠብቃለሁ።

ካሃል

*ድሩምካራ፣ ሴፕቴምበር 14፣ 2012*

ለካሃል፤

ሰላም ላንተ። ቅዳሴው ሐሙስ ኦክቶበር 11 ነው። ከዚያ በፊት ባለው እሑድ ድረስ። ጥፍርህን ቁረጥ። የሞተር ዘይት እየሸተትክ ወጥ ቤቴ እንዳትገባ።

ሆኖራ

ካሃል እሑድ ደረሰ። ሰኞ ጠዋት እኔ የወይዘሪት ሆኖራን የመስኮት ፍሬም ነጭ ቀለም እየቀባሁ ነበር፤ የቤት ቅዳሴ የደረሰበት ቤት ቀለም ሳይቀባ አይቀርም፣ ጎረቤትም ብሩሽ ሳይይዝ አይቀርም። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። ጆሮዬን አልጣልኩም፤ ጆሮዬ እዚያው ነበር።

«ድመቷ የት አለች?» አለ ካሃል።

«ወጥታለች።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሰባት ዓመት ይሆናታል» አሉ ወይዘሪት ሆኖራ። «ዱቄቱን ስፈር።»

እሳቸው በወንበር ላይ፣ እጃቸው በሹራባቸው እጅጌ ውስጥ። እሱ ቆሞ፣ ክንዱ እስከ ክርኑ ተገልጦ።

«ጣትህን ክፈት። አሁንም ክፈት። ልጄ፣ እየለወስከው ነው ወይስ እየሳምከው?»

«በደብዳቤ በርኅራኄ ነው ብለውኝ ነበር።»

«በርኅራኄ አላልኩም፤ አታቡካው ነው ያልኩህ።»

የመጀመሪያው ዳቦ ወጣ። ወደ ቀኝ አጋድሏል። እጃቸው እጅጌው ውስጥ እንዳለ በጣታቸው አንጓ ቂጡን አንኳኩና «ለዶሮዎቹ» አሉ። ሁለተኛው ለኔ በመስኮት ተሰጠኝ፤ ከዶሮ አንድ ደረጃ ከፍ ማለቴ ነው። ሦስተኛው ሊለወስ ሲል ወይዘሪት ሆኖራ ድንገት ተነሥተው አጠገቡ ቆሙ።

«ግራ እጅህ ምን ይሠራል?»

«ምንም። ሳህኑን ይዟል።»

«አይያዘው፤ ያዙረው። ቀኝህ ወዲህ ሲዞር ሳህኑ ወዲያ ይዙር።» ሳህኑ ሲዞር ተመለከቱ። «ይሄንን ለማንም ነግሬ አላውቅም። እንደማደርገውም አላውቅም ነበር።»

ሦስተኛው ዳቦ ቀጥ ብሎ ወጣ። ካሃል የቆረሰላቸውን ጫፍ በእጅጌያቸው ተቀብለው ረጅም ጊዜ አኘኩ። ካሃል የፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ሰው ቆሟል።

«ነገ ደግመህ» አሉት። ከሳቸው አፍ ይህ ሽልማት ነው።

ሐሙስ ጠዋት ስድስት ዳቦ ጠረጴዛው ላይ ነበረ፤ ነጭ ጨርቅ፣ ቅቤ፣ የተቀቀለ እንቁላል። ቅዳሴው አልቆ ሰው ወደ ቁርሱ ሲጎርፍ ፊሎሚና ከሁሉ ቀድማ አንድ ቁራሽ አነሣች። ከመኪናዋ ኋላ የሆነ ነገር በፎጣ ተሸፍኖ መቀመጡን ስገባ አይቼ ነበር፤ አላወረደችውም። ቅቤ ቀባች፣ ጎረሰች፣ አኘከች። ዓይኗ ወደ ወይዘሪት ሆኖራ እጅጌ ሄደ። ከዚያ ወደ ካሃል ክንድ፤ ክርኑ ላይ ዱቄት ቀርቶበት ነበር።

«ማን ጋገረው?» አለች፤ ቄሱ በሚሰሙበት ድምፅ።

ወይዘሪት ሆኖራ እጃቸውን ከእጅጌያቸው አወጡ። ከወራት በኋላ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። የታጠፉትን ሁለት ጣቶች ሰው ሁሉ በሚያይበት ጠረጴዛው ላይ አሳረፏቸው።

«መክጎልድሪክ» አሉ።

ፊሎሚና ትንሽ አሰበች። ከዚያ ሁለተኛ ቁራሽ አነሣች። ፊሎሚና ሁለተኛ ቁራሽ ስታነሣ ከዚያ በፊት ያየ ሰው ካለ ይጻፍልኝ።

አንድ ደብዳቤ ቀርቷል። ይህኛው ቴምብር የለውም፤ ዓርብ ጠዋት ከዳቦ ቢላዋው ሥር ነው የተገኘው። ሁለቱ አንድ ጣሪያ ሥር ናቸው፤ ወይዘሪት ሆኖራ ግን ፊት ለፊት የሚነገር ነገርና የሚጻፍ ነገር ለየቅል ነው ብለው ያምናሉ። ፊደሎቹ ትልልቅና ዝንፍ ዝንፍ ያሉ ናቸው፤ አንድ ገጽ ለመጻፍ ስንት ሰዓት እንደፈጀባቸው አልጠየቅኩም።

*ወጥ ቤት፣ ኦክቶበር 12*

ለካሃል፤

እግዚአብሔር እንዳሳደረህ ያውልህ።

ካለፈው ኖቬምበር ጀምሮ አልጋገርኩም። ሐኪሙ የሚያደርገው የለም አለኝ። በአውቶቡስ ማንም ወደማያውቀኝ ከተማ እየሄድኩ ዳቦ እገዛ ነበር። ከላስቲኩ አውጥቼ፣ ከላዩ ዱቄት ነስንሼ፣ በራሴ ፎጣ እጠቀልለዋለሁ። ፊሎሚና «እንዴት ያምራል» ያለችው ያንን ነው። አንተ በአንድ ወረቀት ገብቶህ፣ እስከ ዛሬ አንዲት ቃል አልተነፈስክም። አያትህ ሂዩም እንዲህ ነበር፤ የሰው ጉድፍ ሲያይ ፊቱን ወደ መስኮት ነው የሚያዞረው።

ትናንት ስድስቱም ዳቦ በዚህ ቤት ምድጃ፣ በዚህ ቤት ሰው ተጋገረ። እናቴ ብታየው «ጨው ትንሽ አነሰው» ትል ነበር። ከዚያ ትበላው ነበር። እኔ ጨውም አላነሰውም እላለሁ። የዕድሜዬን ዳቦ ሁሉ ብደረድረው ከትናንቱ የምመርጠው የለም፤ ሁለተኛ እንድደግመው ግን አትጠይቀኝ።

ማንንም «እዚህ ቅር» ብዬ አላውቅም፤ አንተንም አልልህም። ያንተ ሥራ እዚያ ነው። ማወቅ ከፈለግክ ግን ትናንት ማታ ከወፍጮ ቤቱ ሃያ አምስት ኪሎ ዱቄት አዝዣለሁ። እኔ በቀን አንድ ቁራሽ ነው የምበላው።

ሆኖራ

ይህን ሁሉ አትሚው ሲሉኝ «ስለ እጅዎስ?» አልኳቸው። «በዚህ ደብር ከስልሳ ዓመት በላይ የሆናት ሴት ሁሉ እጇን ፎጣ ሥር ደብቃለች» አሉኝ። «አንዷ ታውጣው።»

የካሃል በረራ የፊታችን ዓርብ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያ የማደርሰው እኔ ነኝ። ትናንት ማዶ ተሻግሬ «በስንት ሰዓት ልምጣ?» ብዬ ጠየቅኩት። ጆንያው በር ላይ ተከፍቷል፤ ሳህኑ በግራ እጁ ወዲያ፣ ዱቄቱ በቀኝ እጁ ወዲህ እየዞረ ነው። «ዓርብ ጠዋት እነግርሻለሁ» አለኝ ቀና ሳይል። ወይዘሪት ሆኖራ እንዳልሰሙ ሆነው ሹራባቸውን ይቆልፋሉ።

እንግዲህ ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ሞተሬን አስነሥቼ ደጃፋቸው ላይ እቆማለሁ። ሻንጣ የያዘ ሰው ቢወጣም፣ ማንም ባይወጣም፣ ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ በዚሁ ዓምድ አወራችኋለሁ።